«ወረደ» ሲባል

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ከጮኸ እህቴ ናት። እሷ ዘንድ ገና ዓርብ ማታ ነው። ሚሺጋን፣ ግራንድ ራፒድስ የምትባል ከተማ ትኖራለች፤ ቫን አንደል አሬና የሚባለው አዳራሽ ውስጥ ለተመልካች ምግብ ትሸጣለች። ጨዋታው አልቆ፣ ዕቃውን አጣጥባ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ትደውልልኛለች። እኔ በዚያ ሰዓት ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ አጠገብ ባለችው አቧራማ ሜዳችን ኮን እየደረደርኩ ነኝ። የታዳጊ እግር ኳስ ፕሮጀክት ማሰልጠን ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እንጀራዬ ከሌላ ሥራ ነው፣ እሱን ተዉት።

አዳራሹ የግሪፊንስ ነው፤ የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን። ስለ ሆኪ የማውቀው እሷ የነገረችኝንና ዩቲዩብ ላይ ያየሁትን ብቻ ነው፦ ዱላ፣ የፊት ጥርሱን ያጣ ጎረምሳ፣ ዓይን የማይደርስባት ጠፍጣፋ ጥቁር ነገር። አንድ ቅዳሜ ታዲያ «ዛሬ አንዱ ልጅ ከዲትሮይት ወረደ» አለችኝ።

«አይ ምስኪን!» አልኳት።

ሳቀችብኝ። «የምን ምስኪን? እዚያ ወንበር ሲያሞቅ ነበር። ሊጫወት እኮ ነው የመጣው!»

ነገሩ ከነከነኝና ሳጣራ ሰነበትኩ። ግሪፊንስ የዲትሮይቱ ሬድ ዊንግስ የታችኛው ቡድን ነው። ትልቁ ሊግ ኤንኤችኤል 32 ቡድን አለው፤ ከሥሩ ያለው ኤኤችኤልም 32፣ ለያንዳንዱ አንድ አንድ። የታችኛው ለይስሙላ አይደለም፤ በመደበኛው ውድድር ብቻ 72 ጨዋታ ይጫወታል። ከበረኞቹ ውጪ ከሚሰለፉት 18 ተጫዋቾች ቢያንስ 13ቱ ገና በማደግ ላይ ያሉ መሆን አለባቸው። ማን በማደግ ላይ እንዳለ የሚለዩት በተጫወተው የፕሮፌሽናል ጨዋታ ብዛት ነው እንጂ በልደት ካርድ አይደለም። (በልደት ካርድ ቢሆንማ እኛን ይጠይቁን። ጢሙን ላጭቶ የመጣ የ15 ዓመት ልጅ ገጥሞኝ ያውቃል።)

ዲትሮይቶች ልጅ ባለማጣደፍ ስም ያወጡ ናቸው። ቶማስ ታታር የሚባል የስሎቫኪያ ልጅ በ2009 እ.ኤ.አ.፣ የሊጉ ክለቦች አዳዲስ ልጆችን በየተራ ሲመርጡ፣ በ60ኛ ተራ መረጡት። አራት የውድድር ዘመን ግራንድ ራፒድስ አከረሙት፤ መሃል ላይ ይጠሩታል፣ ጥቂት ያጫውቱታል፣ ይመልሱታል። በ2013 እ.ኤ.አ. ግሪፊንስ ዋንጫ ሲያነሳ የጥሎ ማለፉ ኮከብ እሱ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ዲትሮይት በቋሚነት የገባው። በሁለቱ ከተሞች መካከል 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሀዋሳ አዲስ አበባ እንኳ አይሞላም። እሱ አራት ዓመት ሄደበት።

ይህን ሳነብ ግራኙ ትዝ አለኝ።

ግራኙን ያገኘሁት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ነው። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፣ እሱ ደግሞ ከግርግሩ መሃል ተቀምጦ ዓሣ ይበልት ነበር። አንድ አባ ኮዳ ከበላዩ ቆሞ ይጠብቃል። ልጁ ቀና እንኳ ሳይል የቆሮሶ ራስ በባዶ ግራ እግሩ አንስቶ አሞራው እግር ሥር አሳረፈለት። ሁለተኛውንም እዚያው ቦታ። ሦስተኛውን ሳላይ ስሙን ጠየቅኩት።

በ17 ዓመቱ አንድ ክለብ፣ ስሙን አልጠራም፣ በቀጥታ ለዋናው ቡድን አስፈረመው። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሀዋሳ ክለቧ ሀዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ያነሳባት ናት፤ ከዚሁ የወጣው አዳነ ግርማ በ2005 ዛምቢያ ላይ ያገባትን ጎል ደግሞ ሕፃኑ ሁሉ በቃሉ ይተርክልሃል። ቸኮልን። ግራኙ ዓመቱን ሙሉ የተጫወተው 40 ደቂቃ አይሞላም። ተስፋ ቡድኑ «አንተ የዋናው ነህ» እያለ አያሰልፈውም፣ ዋናው ደግሞ «ገና ልጅ ነህ» ይለዋል። በውሰት ከፕሪሚየር ሊጉ ሥር ወዳለው ከፍተኛ ሊግ ይሂድ ብዬ ስለምን እሱ ራሱ እምቢ አለኝ። «ኮች፣ ሰፈር ውስጥ ወረደ ይሉኛል።»

አሁን ባጃጅ ይነዳል። የባጃጅ ፍሬን በቀኝ እግር ነው፤ ያ ግራ እግር ሥራ ፈቷል።

ዘንድሮ ሌላ ልጅ አለኝ፣ ተከላካይ፣ ሌላ ክለብ ለዋናው ቡድን የፈለገው። አንድ ዓመት ከ17 ዓመት በታች ቡድናቸው ውስጥ ሳምንት በሳምንት ይጫወት አልኩ። እናቱ ቤቴ ድረስ መጡ። ስለ ታታር ነገርኳቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ በትዕግሥት ሰሙኝና «ያ ልጅ እዚያ ታች ሲቆይ ይከፈለው ነበር?» አሉ።

ይከፈለው ነበር። ከላይኛው በብዙ ያንሳል፣ ግን ሰው የሚኖርበት ደሞዝ ነው። የኔን ልጆች «ቆዩ» ስል የማቆያ የምሰጣቸው የለኝም። ለእሳቸው ይህን አልደበቅኳቸውም፤ መልስ ግን አልነበረኝም፣ ቡና አስፈላሁላቸው።

በመጨረሻ ክለቡ ያስፈርመው፣ ደሞዝ ይክፈለው፣ ዘንድሮ ግን ከታዳጊዎቹ ጋር ይሰለፍ የሚል ሐሳብ ይዤ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰውዬ «ኮች፣ ይሄ እኮ ልጁን ማውረድ ነው» አለኝ። አዎ አልኩት። ይታያል ተብያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እህቴ ስትደውል ልጁ ከፊቴ እያሟሟቀ ነበር። «ያ የወረደው እንዴት ሆነ?» አልኳት።

«ማክሰኞ መልሰው ወሰዱት፤ እኔም ሳልሰናበተው» አለችኝ። ከዚያ አውቶቡሷ መጣ።