የሟቹ ሚስት

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የድሮ ሥዕል ጨረታ ካታሎግ ማገላበጥ እወዳለሁ። ለመግዛት አይደለም። ፊቶቹን ለማየት ነው። ከሦስትና አራት መቶ ዓመት በፊት አንድ ሠዓሊ ፊት ተቀምጠው ሰዓታት የታገሡ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ስማቸው ጠፍቶ «የአንዲት ሴት ምስል» ተብለው ይሸጣሉ።

ሰሞኑን አንዷ ላይ ቀረሁ። ሽያጩ የቆየ ነው፤ ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ለጨረታ የቀረበች ናት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። እንጨት ላይ በዘይት ቀለም የተሣለች ትንሽ ምስል። መጠኗ 30.8 በ21.9 ሴንቲ ሜትር ይላል። ቁጥር ብቻውን አይገባኝም። ከፕሪንተሩ አንድ ኤፎር ወረቀት መዝዤ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ያንን ታክላለች። ብትበልጥ በአንድ ጣት ነው። ሠዓሊዋ ዩዲት ሌይስተር ትባላለች፣ የሆላንድ ሰው። የሣለችውም የራሷን መልክ ነው፣ 1653 ገደማ፣ አርባ አራት ዓመት አካባቢ ሆኗት።

ወረቀቱን ከግድግዳው ሳላነሳ ሌላኛውን የራሷን ምስል ከፈትኩ። እሱ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ያለው፣ ታዋቂው ነው። የተሣለው 1630 አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ገና ሃያ አንድ ዓመት ገደማዋ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጣ ወደ እኛ ዞራለች፤ ክንዷን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣል አድርጋለች። አፏ ትንሽ ከፈት ብሏል። የሆነ ሰው በሩን ከፍቶ ገብቶ «ግባ፣ ግባ» ልትለው የምትል ነው የምትመስለው። ቀኝ እጇ ብሩሽ ይዟል። ግራ እጇ ደግሞ የቀለም ሰሌዳውን ከነብሩሾቹ ጭብጥ አድርጎ ይዟል። የቆጠሩ ሰዎች 18 ናቸው ይላሉ። ሥዕል የሞከረ ሰው ያንን ሁሉ ብሩሽ በአንድ እጅ ይዞ ዘና ብሎ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እኔ አራት ስይዝ አንዱ ይወድቅብኛል።

ልብሷ ደግሞ! በስታርች የደረቀ ትልቅ ነጭ አንገትጌ፣ እጅጌው ጫፍ ላይ ዳንቴል። ይህን ለብሶ ዘይት ቀለም የሚነካ የለም። የለበሰችው ልትሠራበት አይደለም፤ ማን እንደሆነች ልትናገርበት ነው። ከፊቷ የቆመው ሸራ ላይ ቫዮሊን የሚጫወት፣ የሚስቅ ሰው አለ። ሙዚየሙ በኢንፍራሬድ ሲመረምረው ከቫዮሊኒስቱ ሥር የሴት ፊት ተገኘ። ምናልባት የራሷ። መጀመሪያ ራሷን ስትሥል ራሷን ሣለች፣ ከዚያ ሐሳቧን ቀየረችና በደንብ የምትሸጠውን ዓይነት ሥዕል እዚያ አስቀመጠች። ደንበኛ «ምን ትሠሪያለሽ?» ቢላት መልሱ ሸራው ላይ አለ።

ዩዲት የተወለደችው 1609 ሃርለም በምትባል የሆላንድ ከተማ ውስጥ ነው። ለቤቱ ስምንተኛ ልጅ ነበረች። አባቷ ቢራ ጠማቂ ነበሩ። ሌይስተር የሚለው ስም የመጣው ከቢራ ፋብሪካቸው ነው፤ ትርጉሙ መሪ ኮከብ፣ መንገደኛ አቅጣጫ የሚያይበት ኮከብ ማለት ነው። በኋላ አባትዬው ከሰሩ። ልጅቷ ሥዕልን እንጀራዋ ያደረገችው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ስሟን ግን ወደደችው። ሥዕሎቿ ላይ ጄ እና ኤል የሚሉትን የስሟን ፊደላት አጠላልፋ ከጎናቸው ኮከብ ትሠራለች። ፊርማዋ ይኸው ነው።

በ1633 የሃርለም ሠዓሊዎች ማኅበር አባል ሆነች። ማኅበሩ በቅዱስ ሉቃስ ስም የሚጠራ ነው፤ ሉቃስ እመቤታችንን ሥሏል ከሚለው ትውፊት የተነሣ የሠዓሊዎች ጠባቂ ነዋ። ያለ ማኅበሩ ፈቃድ ስቱዲዮ ከፍቶ ተማሪ መቀበል አይቻልም። እሷ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላት ሦስት ወንድ ተማሪዎች ነበሯት። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ከተማ፣ ሴት ሆና።

ከተማሪዎቿ አንዱ ገና ጥቂት ቀን ተምሮ ጥሏት ወደ ፍራንስ ሃልስ ስቱዲዮ ሄደ። ሃልስ ማለት የሃርለም ቁንጮ ሠዓሊ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። ዩዲት ማኅበሩ ፊት ከሰሰች። ከልጁ እናት 8 ጊልደር (የዚያ ዘመን የሆላንድ ገንዘብ) ጠይቃ 4 ተፈረደላት። ሃልስ 3 ጊልደር ተቀጣ። ተማሪውን በወቅቱ ባለማስመዝገቧ እሷም ቅጣት አልቀረላትም። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ስለ ገንዘቡ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሰውየው ደግሞ የከተማው ትልቁ ስም ነው፣ እሷ ግን «ተማሪዬን ወስደሃል» አለችው።

በ1636 ሠዓሊ አገባች፤ ያን ሚንሰ ሞሌናር ይባላል። አምስተርዳም ገቡ። አምስት ልጆች ወለደች፣ ከእናታቸው በኋላ የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ከዚህ በኋላ ሥዕሎቿ ይጠፋሉ። ከጋብቻዋ በፊት በነበሩት ሰባት ስምንት ዓመታት የሣለቻቸው ብዙ ናቸው። ከጋብቻ በኋላ በእርግጠኝነት የእሷ የሚባሉት በጣት ይቆጠራሉ። በ1643 የሣለቻት አንዲት ቱሊፕ አበባ አለች። ለረጅም ጊዜ የተባለው «አገባች፣ ወለደች፣ ተወች» ነው። ቤቱንና የባሏን ሥራ ታስተዳድር እንደነበር ይገመታል።

እዚህ ጋ ቆም ልበል። እኔ ከአምስት ዓመት በፊት ነው ብሩሽ ያስቀመጥኩት። ማንም ተይ አላለኝም። ሁለተኛዋ ልጅ ተወለደች፣ ጠረጴዛው ለዳይፐር ተፈለገ፣ የቀለሙ ሣጥን ከአልጋ ሥር ገባ። «ትንሽ ቆይቼ» እያልኩ ነው አምስት ዓመት የሞላው። ስለዚህ «ተወች» የሚለውን ቃል ሳነብ ሆዴን ቆረጠኝ።

በ1660 ሃርለም አጠገብ ባለችው ሄምስቴደ ውስጥ ሞተች፣ በሃምሳ ዓመቷ። ባሏ በ1668 ሲሞት የቤቱ ንብረት ተቆጥሮ ተመዘገበ። ከሥዕሎቹ አንዳንዶቹ አጠገብ የሠዓሊው ስም በሚጻፍበት ቦታ የተጻፈው «የሟቹ ሚስት» የሚል ነው። ገና በሕይወት እያለች የሃርለም ታሪክ ጸሐፊ በስሟ ተጫውቶ እውነተኛ የሥዕል መሪ ኮከብ ያላት ሴት ናት። መዝጋቢው የሟቹ ሚስት አላት።

ከዚያ ወዲያ ሥራዎቿ የሌላ ሰው ስም ይዘው ኖሩ። አንዳንዶቹ የባሏ ሆኑ። አንዳንዶቹ፣ የሚገርመው፣ የከሰሰችው የፍራንስ ሃልስ ሆኑ። ሁለት መቶ ዓመት በላይ እንዲህ አለፈ። ከእነሱ አንዱ ቫዮሊን የሚጫወት ወንድና ብርጭቆ ያነሳች ሴት ያሉበት፣ በ1630 የተሣለ ሥዕል ነው፤ አሁን ፓሪስ በሚገኘው ሉቭር ሙዚየም ይገኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ ምርጥ የሃልስ ሥራ ተብሎ በ4,500 ፓውንድ ተሸጠ። ገዢዎቹ ቀረብ ብለው ሲያዩት የሃልስ ያልሆነ ፊርማ አገኙ፤ የተጠላለፉ ፊደላት፣ ከጎናቸውም ኮከብ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1893 ዋጋው እንዲቀነስ ተስማምተው ጨረሱት። በዚያው ዓመት ሆፍስቴደ ደ ኽሮት የተባለ የሥነ ጥበብ ተመራማሪ ስሟን አውጥቶ ጻፈ፣ ሰባት ሥዕሎችንም መለሰላት።

ዋጋው ተቀነሰ። ይህን ደጋግሜ አስባለሁ። ትናንት ያስደሰታቸው ሳቅ ያው ሳቅ ነው። ብርጭቆው ላይ ያለው ብርሃን አልጠፋም። የተለወጠው የሠዓሊው ስም ብቻ ነው። ካታሎግ የሚያገላብጥ ሰው ይህን ቶሎ ይለምደዋል፤ «በእገሌ የተሣለ»፣ «ከእገሌ ስቱዲዮ»፣ «የእገሌ ተከታይ»። አንድ ደረጃ በወረደ ቁጥር ከዋጋው ዜሮ ይረግፋል። እኔ ግን አሁን መጀመሪያ ሥዕሉን፣ ከዚያ ጽሑፉን ማየት ጀምሬያለሁ።

ወደ ትንሿ ምስል ልመለስ። ብዙ ዘመን በአንድ የግል ቤት ኖራ ነው ለሽያጭ የወጣችው። ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ዓመቷ ነው። 1653 ማለት ካገባች አሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ነው። ልጆች ወልዳለች፣ ቀብራለችም። «ተወች» በተባለበት ዘመን መሐል፣ መስተዋት ፊት ተቀምጣ፣ ኤፎር የምታክል እንጨት ላይ የራሷን ፊት ትሥል ነበር። ገዢ ያዘዘው አይመስለኝም። የአርባ አራት ዓመቷን ዩዲት ማን ያዛል? ትልቁን ሸራ የሚፈቅድ ጊዜም ቦታም አልነበራት ይሆናል። ይቺን ግን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ልትሠራት ትችላለች። ልጅ ሲያለቅስ አስቀምጣ መነሳት፣ ተመልሳ ማንሳት።

ወረቀቱ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። ትናንት ማታ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ከቱቦዎቹ ሦስቱ ድንጋይ ሆነዋል፤ ሰማያዊውን በጥርሴ ለመክፈት ሞክሬ አልቻልኩም። የነጩን ክዳን በጨርቅ ይዤ ስጠመዝዘው ተከፈተ። ጫን ስለው መጀመሪያ ቢጫ ዘይት ወጣ። ከዚያ ቀለሙ መጣ፣ ለስላሳ፣ እንደ ትናንት።