ክሩ ሳንቲያጎ አናት ላይ አለፈ

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ የማይረባ ልማድ አለኝ፣ ማንም የማይሄድባቸው ሁለት ኤርፖርቶች መርጬ ከዚህ እዚያ ስንት ሰዓት ይፈጃል እያልኩ ማስላት። ትናንት የወጡልኝ ፓሲፊክ መሀል ያለችው የቺሊዋ ኢስተር ደሴት (እነዛ ትላልቅ የድንጋይ ሐውልቶች ያሉባት) እና ናፖሊዮን ተግዞ በ1821 እ.ኤ.አ. የሞተባት አትላንቲክ ላይ ያለችው ሴንት ሄሌና ናቸው።

ቀጥታ በአየር ወደ 10,500 ኪሎ ሜትር ነው። ጄት በሰዓት 850 ይበራል ብላችሁ ብታካፍሉት 12 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይመጣል፣ ሲነሳና ሲያርፍ ቀስ ስለሚል ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት፣ በቃ 13 ሰዓት በሉት። ማታ ተሳፍሮ በማግስቱ መውረድ ማለት ነው። ችግሩ እንደዚህ የሚባል በረራ የለም።

ግን አንድ ነገር በጣም ገረመኝ። ትንሿን ሉል ከመደርደሪያ አውርጄ በሁለቱ ደሴቶች መሀል የስፌት ክር ወጠርኩ (ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ማስመሪያ እንዳታስቀምጡ፣ ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ እዚያ ላይ ጎብጦ ነው የሚታየው)፣ ክሩ ወደ ደቡብ ወረድ አለና በየት ቢያልፍ ጥሩ ነው? የቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ አናት ላይ! ከዛ በኡሩጓይ አድርጎ ወደ ውቅያኖሱ ወጣ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ምንም ዙር የለውም ማለት ነው፣ ምክንያቱም ከኢስተር ደሴት መደበኛው በረራ የሚሄደው እዛው ሳንቲያጎ ነው፣ 3,750 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ 5 ሰዓት። ወደ ደሴቷ ሲኬድ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚመታ ይረዝማል፣ ወደ ሳንቲያጎ ሲመጣ ግን ከኋላ ይገፋል። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ የየቦታው ሰዓት ነው፣ ልዩነቱ 2 ሰዓት ነው፣ እኔም ይሄን ረስቼ መነሻና መድረሻውን ዝም ብዬ ቀንሼ 7 ሰዓት ይፈጃል ብዬ ጽፌ ነበር።

ጉዱ ያለው ከሳንቲያጎ በኋላ ነው። በክሩ ከሄዳችሁ የቀረው 6,750 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ግን የሚወስዳችሁ የለም። መጀመሪያ ብራዚል ሳኦ ፓውሎ፣ ከዛ አትላንቲክን ሙሉ ተሻግሮ ጆሃንስበርግ፣ ከዛ ደግሞ 3,700 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ፣ ማለት ደሴቷን በጎን አልፋችኋት ሄዳችሁ ነው የምትመለሱት። ከኢስተር ደሴት ጀምሬ ስደምረው 17,500 አካባቢ መጣ፣ አየር ላይ ብቻ 23 ሰዓት ገደማ።

የመጨረሻዋን በረራ ነው የወደድኳት። ትንሽ ጄት ነች፣ መንገድ ላይ ናሚቢያ ዋልቪስ ቤይ ወርዳ ነዳጅ ትሞላለች፣ ለምን ቢባል ደሴቷ ጋ ደርሳ ነፋሱ አላሳርፍ ካላት ሌላ የምታርፍበት ቅርብ ቦታ ስለሌለ እስከ አፍሪካ የሚመልሳት ነዳጅ መያዝ አለባት። ነፋሱ ቀልድ አይደለም፣ ኤርፖርቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ እንኳን መደበኛ በረራ የጀመረው በነፋሱ ሳቢያ ዘግይቶ በጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛ በፊት ከኬፕታውን በመርከብ አምስት ቀን ገደማ ነበር።

እና ይቺ በረራ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ነች። ከሳኦ ፓውሎ የሚመጣው ዘግይቶ ካመለጠቻችሁ ሳምንቱን ሙሉ ጆሃንስበርግ ቁጭ ነው።