እስክሪብቶው አልሞተም ነበር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ታፔላ ጽፌ ኖሬአለሁ። ጸጉር ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ሁሉንም በብሩሽ። የባነር ማተሚያ ማሽን ከተማችን ሲገባ ሥራዬ በአንድ ክረምት አለቀ። እኔም በኮምፒውተር መሳል ልማር ብዬ ተነሣሁ። ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ የሚጀምር ሰው ሁለት ወርና አንድ የአዲስ አበባ ጉዞ እንዲተርፈው ነው።

ሶፍትዌሩ አላስቸገረኝም። ያገኘሁት ሁሉ ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕ በፍላሽ ሊሰጠኝ ይል ነበር። አንዱን ጫንኩት፤ ከነቫይረሱ ገባና ላፕቶፔ ፎርማት ተደረገ። ከዚያ ክሪታ ወደሚባል የመሳያ ፕሮግራም ዞርኩ። ከራሱ ድረ ገጽ ሲወርድ በነፃ ነው። በማይክሮሶፍት ስቶርና በስቲም በገንዘብ ስታዩት እንዳትደነግጡ፤ ዕቃው ያው ነው። አካውንት ክፈት አይልም፣ ከተጫነ በኋላም ኢንተርኔት አይፈልግም። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሞባይል ዳታ ሲቋረጥብን የዚህ ጥቅም በደንብ ገባኝ። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ እስል ነበር።

ላፕቶፔ 4 ጊጋባይት ራም ነው ያለው፤ ብሮውዘር ካልከፈትኩበት ይበቃዋል። ለሚታተም ሥራ ኤ4 በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) እከፍታለሁ፣ 2480 በ3508 ፒክስል ማለት ነው። ትንሽ አድርጎ ጀምሮ «በኋላ አሳድገዋለሁ» የሚል ሰው ማተሚያ ቤት ሲደርስ ያዝናል።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ።

ስክሪን የሌለው ትንሽ ግራፊክ ታብሌት፣ ማለትም በእስክሪብቶ ሲስሉበት ሥዕሉ ኮምፒውተሩ ላይ የሚወጣ ሰሌዳ፣ በሁለት ወር ገቢዬ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ካርቶኑ ላይ እስክሪብቶው 8192 የግፊት ደረጃ እንዳለው ተጽፏል። ሲጫኑት መስመሩ ይወፍራል፣ ሲያቀሉት ይቀጥናል ማለት ነው። ድራይቨሩን፣ ታብሌቱን ከኮምፒውተሩ የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ጫንኩ፣ ክሪታን ከፈትኩ፣ «ጎጃም» ብዬ ጻፍኩ።

ሽቦ አጣጥፌ የለጠፍኩት ይመስላል። ብጫንም ባላላም መስመሩ አንድ ዓይነት ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ቋሚው ካልወፈረ፣ አግዳሚው ካልቀጠነ ፊደል አይመስልም። ድራይቨሩን እንደገና ጫንኩት። ኬብሉን ቀየርኩት። ሌላ ብሩሽ ሞከርኩ። ያው ሽቦ።

ጎረቤቴ ያሉ የኔታ ብራና ይጽፋሉ። ላፕቶፑን ይዤ ሄጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩትና፣ «ምነው ልጄ፣ መቃህን ሳትቀርጸው ነው እንዴ የምትጽፍበት?» አሉኝ።

«የኔታ፣ ይሄኮ መቃ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ነው» አልኳቸው።

«እሱማ አየሁት» አሉና ወደ ብራናቸው ዞሩ። መልሱን ያን ዕለት ሰጥተውኝ ነበር። መቃ ሳይቀረጽ አይጽፍም፤ ሳይቀረጽ አልጽፍ ስላለ ግን ተሰበረ አይባልም። እኔ ግን የሰማሁት ባለ ሱቁን ነው።

ባለ ሱቁ በስልክ፣ «ብሮ፣ ፔኑ ሞቷል፤ ይዘኸው ና» አለኝ። ሳያየው! መንገድ ክፍት የሆነበትን ሳምንት ጠብቄ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተሳፈርኩ። ደጀን፣ አባይ በረሃ ቁልቁለት፣ ድልድዩ፣ ከዚያ ወደ ጎሐ ጽዮን ዳገቱ። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ታብሌቱን እንደ ሕፃን ታቅፌ።

ሱቁ ስደርስ ሰውዬው ታብሌቱን ኮምፒውተር ላይ እንኳ አልሰካውም። እስክሪብቶውን ጆሮው ሥር ነቀነቀው። እውነቴን ነው፣ እንደ ባዶ ክብሪት ነቀነቀው። «አዎ፣ ሞቷል። ጋራንቲው ሰባት ቀን ነበር፣ አልፏል» አለና አዲስ አውጥቶ ሸጠልኝ። «ወንድሜ፣ እስቲ ሰክተህ አሳየኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ላፕቶፔንም ቤት ትቼው ነው የሄድኩት። እስካሁን ከእሱ ይልቅ በራሴ እናደዳለሁ።

ቤቴ ተመልሼ አዲሱን እስክሪብቶ ሞከርኩት። ሽቦ።

ያን ሌሊት በንዴት የክሪታን ሴቲንግ አንድ በአንድ መበርበር ጀመርኩ። «ኮንፊገር ክሪታ» ውስጥ «ታብሌት ሴቲንግስ» የሚል ገጽ አለ። እዚያ ክሪታ የእስክሪብቶውን ግፊት የሚቀበልበት ሁለት መንገድ ምርጫ አለ፤ አንዱ ዊንታብ፣ አንዱ ዊንዶውስ ኢንክ። የእኔ አንደኛው ላይ ነበር፤ ሌላኛውን ነካሁና ክሪታን ዘግቼ ከፈትኩት። መስመሩ ቀጠነ፣ ወፈረ፣ ቀጠነ። አሮጌውን እስክሪብቶ ከመሳቢያ አወጣሁት። እሱም ሠራ። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ይሄ ነው። አባይን ተሻግሬ የፈለግሁት ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

የእናንተም መስመር ሽቦ ከሆነ ማንንም ሳትጠይቁ ይህን አድርጉ። በፊት የሌላ ታብሌት ድራይቨር ጭናችሁ ከነበረ አጥፉት፤ ሁለት ድራይቨር አንድ ቤት ውስጥ ይጣላል። እኔ ቀድሞ ከጓደኛዬ የተዋስኩት ታብሌት ድራይቨር ነበረብኝ። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ከዚያ የራሳችሁን ጫኑ። የታብሌቱ ድራይቨር ራሱ ዊንዶውስ ኢንክ የሚል ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ሊኖረው ይችላል። እዚያ የመረጣችሁትና ክሪታ ውስጥ የመረጣችሁት መስማማት አለባቸው። የክሪታ «ታብሌት ሴቲንግስ» ገጽ ላይ ግፊቱን በቁጥር የሚያሳይ መሞከሪያ አለ፤ ከባለ ሱቅ ጆሮ እሱ ይታመናል።

አንዴ ከሠራ ደግሞ ድራይቨሩን አትንኩት። መመሪያው ሁሌ አፕዴት አድርጉ ይላል። አንድ ቀን ሰምቼው አፕዴት አደረግሁ፤ ሳጥኑ ወደ ነበረበት ተመልሶ እንደገና ሽቦ ሆነብኝ። ግን በሁለት ደቂቃ አስተካከልኩት፤ አልዋሽም፣ ኮርቼ ነበር።

የቀረው ትዕግሥት ነው። እጅ ጠረጴዛ ላይ፣ ዓይን ስክሪን ላይ መሆኑ ሁለት ሳምንት ያንገላታል። ብሩሽ በመቶዎች አታውርዱ፤ እኔ በሦስት ነው የምሠራው። ስታቢላይዘር የሚባለውን፣ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያለሰልሰውን፣ ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። ታፔላ ስጽፍ እጄን የማሳርፍባት ዘንግ ነበረችኝ፤ ያኔ ማንም አጭበርባሪ አላለኝም።

ምን ልሳል ለሚል ጀማሪ የዘጌውን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች አጥና እላለሁ። ጥቁር መስመር፣ በውስጡ ደማቅ ቀለም። መስመሩን በአንድ ሌየር (እንደ ተደራረበ ግልጽ ወረቀት ነው)፣ ቀለሙን ከሥሩ በሌላ ሌየር ብታደርጉት ሌየር የሚባለው ነገር በአንድ ቀን ይገባችኋል። ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ናቸው። ባለ ሱቁን በጎን ስዬዋለሁ።

መብራት ስለሚጠፋ ሥራውን ሴቭ የሚያደርገውን ኮንትሮል ኤስ መምታት ልማድ ይሁንባችሁ። ለደንበኛ በቴሌግራም ስትልኩ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩ፤ በፎቶ ከሆነ ጥራቱን ይቀንሰዋል።

ባለፈው ሳምንት አንድ «ጎጃም» አሳትሜ ለየኔታ ወሰድኩላቸው። ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። «የጃ እግሩ አጥሯል» አሉ። ቤቴ ገብቼ አስረዘምኩት።