አራተኛ ክፍል፣ አንድ ስልክ እና የአፋሩ አመድ

ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ለአራተኛ ክፍል ያዘጋጀሁት ትምህርት ስለ ዕፅዋት ነው። ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል። ልጆቹ ግን ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቷል። ከኤርታሌ ብዙም አይርቅም። ከዚያ በፊት መፈንዳቱ በታሪክ ተመዝግቦ አያውቅም። ማታ በየቤቱ ወሬው እሱ ሆኖ አምሽቷል። ገና ቦርሳዬን ጠረጴዛ ላይ ሳላሳርፍ ከፊት የሚቀመጠው ልጅ ብድግ አለ። «ቲቸር፣ እሳቱ ወደ እኛ እየመጣ ነው?»

መፍራታቸው አልገረመኝም። አምና ታኅሣሥና ጥር ላይ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲደጋገም የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ነው። ሌሊት ከእንቅልፋቸው ተቀስቅሰው በደረጃ የወረዱ ልጆች አሉ። አሁን ደግሞ በእናት በአባታቸው ስልክ ቲክቶክ ላይ ያዩትን እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ቀይ ወንዝ። የሚቃጠል ከተማ። እየጮኸ የሚሮጥ ሰው። አንዷ ስትናገር እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዕፅዋቱ ይቆዩ አልኩ።

ኢንተርኔትን ከትንንሽ ልጆች ጋር እንዴት ልጠቀምበት የሚለው ነገር ለዓመታት ሲያሳስበኝ የኖረ ጉዳይ ነው። ያ ሳምንት ብዙ ነገር አጠራልኝ። ሳይረሳኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ጠመኔ አነሳሁ። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። «የምትፈልጉትን ጠይቁ፣ እኔ እጽፋለሁ» አልኳቸው። ሰሌዳው ወዲያው ሞላ። እሳቱን ማን ለኮሰው? ስንት ቀን ይነዳል? አዲስ አበባ ይደርሳል? አመዱ ባሕር ተሻግሮ የመን እንዴት ደረሰ? ውሃ ቢደፋበት አይጠፋም? ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙ ጊዜ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ደግሞ «ግመሎቹ ምን ይበላሉ?» አለች። እሷ ስትጠይቅ ሌሎቹ ዞረው አዩዋት። እኔም ያላሰብኩት ጥያቄ ነበር።

ይህን ቅደም ተከተል አጥብቄ ነው የምይዘው። ትንሽ ልጅ ፊት ቪዲዮ ቀድሞ ከተከፈተ ዓይኑ እዚያው ይቀራል፣ ጥያቄውም ይረሳል። ቪዲዮው ወደፈለገው ይወስደዋል። ጥያቄው ቀድሞ ከተጻፈ ግን ልጁ እያየ ይፈልጋል። «ይሄ የኔን አልመለሰም» ይላል። ሳይመለስለት ሲቀር ይናደዳል። እኔ ያን ንዴት እወደዋለሁ።

አቅማችንን ልናገር። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ኢንተርኔት ያለው ቢሮ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ለትልልቆቹ ነው። የእኔ ክፍል ከሃምሳ በላይ ልጅ አለው። መሣሪያዬ የራሴ ስልክ ነው፣ ዳታውንም የምሞላው እኔ ነኝ። ስለዚህ ማታ ቤቴ ሆኜ እፈልጋለሁ፣ አወርዳለሁ፣ በማግስቱ ይዤ እገባለሁ። መብራት ቢጠፋም ትምህርቱ አይቋረጥም። ደግሞ ልጆቹ ከማየታቸው በፊት እያንዳንዱን ነገር እኔ አይቼዋለሁ። መሃል ላይ ድንገት የሚመጣ ማስታወቂያ የለም። በራሱ የሚከፈት ሌላ ቪዲዮም የለም። ፈጣን ዋይፋይ ቢኖረኝ እንኳ ለዚህ ዕድሜ እንዲሁ የማደርግ ይመስለኛል።

ማክሰኞ የሳተላይት ምስሎች ይዤ ገባሁ። ናሳ «ወርልድቪው» በሚባለው ድረ ገጹ የየዕለቱን የምድር ምስል ለማንም በነፃ ያሳያል። ቀኑን መርጦ ቦታውን ማጉላት ብቻ ነው። አመዱ ከአፋር ተነስቶ ወደ ቀይ ባሕር ሲሄድ ይታያል። ልጆቹ በቡድን በቡድን ስልኩን ከበው አዩ። ተራ የሚጠብቁት ግድግዳው ላይ ያለውን የዓለም ካርታ ይዘው በክር መንገዱን ይከተላሉ። አፋር፣ ቀይ ባሕር፣ የመን፣ ኦማን፣ ፓኪስታን፣ ህንድ። ክሩ ህንድ ሲደርስ የያዘችው ልጅ እጇ ስላልበቃ ጓደኛዋን ጠራች።

አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ መውጣቱን ስነግራቸው ዝም አሉ። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አላላቸውም። የመንገደኛ አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ላይ ነው የሚበረው ስላቸው ግን ክፍሉ ተናወጠ። «ከአውሮፕላን በላይ!» ከዚያ በኋላ ህንድ ውስጥ በረራ ለምን እንደተሰረዘ ማስረዳት ቀላል ሆነ። የእሳተ ገሞራ አመድ የእንጨት አመድ አይደለም፣ የደቀቀ ድንጋይና ብርጭቆ ነው። የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ሲገባ በሙቀቱ ይቀልጥና እንደ ተቃጠለ ስኳር እዚያው ይጣበቃል። ሞተሩን ሊያጠፋው ይችላል። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ አንብቤ ነው ወደ አማርኛ ያመጣሁት። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ለፍርሃቱ መድኃኒት የሆነው ጉግል ኧርዝ ነው። ርቀት መለኪያ አለው። ለዚህ ስል ክፍል ውስጥ ዳታ ከፈትኩ። መጀመሪያ የትምህርት ቤታችንን ጣሪያ ፈለግን። ሜዳውን ሲያዩት ጮኹ። «እሳቱ እየመጣ ነው?» ያለኝ ልጅ ራሱ ጣቱን ጣሪያው ላይ አድርጎ እስከ ሃይሊ ጉቢ እንዲለካ አደረግሁ። ቀጥታ መስመር ሆኖ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጣ። ሐዋሳ አያቱ ጋ የሚሄድ ሌላ ልጅ «ሐዋሳ ደርሶ መመለስ ማለት እኮ ነው» አለው። በመንገድ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ልክ ነበር። እኔ «አትፍሩ፣ ሩቅ ነው» ብዬ ብውል ያን ያህል አያምኑኝም። በራሳቸው ጣት ሲለኩት አመኑ።

ሐሙስ ወደ ቪዲዮዎቹ ሄድን። ይህን የማደርገው በጥንቃቄ ነው። የሚያስፈራውን ድምፅ አጠፋሁ፣ ሰው የሚታይበትን ትቼ አንድ ብቻ መረጥኩ። ተራራው ቀይ እሳት ይረጫል። ያ ሰሞን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩና ከሌላ አገር የመጡ ቪዲዮዎች በየስልኩ ሲዞሩ ነበር። «ይሄ አፋር ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ግማሹ አዎ አለ። ከዚያ ጎን ለጎን እውነተኛውን ፎቶ አሳየኋቸው። ትልቅ፣ ወፍራም፣ ግራጫማ የአመድ ዓምድ። «የቱ ነው እውነት? ምን አይታችሁ አወቃችሁ?» ብዙ መላ ምት መጣ። አንዱ ልጅ ቆየት ብሎ «ዛፍ አለው» አለ። ምን ዛፍ? «የመጀመሪያው ላይ ተራራው ሥር ጫካ አለ። አፋር እንዲህ ዓይነት ጫካ የለም። በረሃ ነው ብለሽ አስተምረሽናል።»

ይህን ልጅ ማንም ስለ ሐሰተኛ ዜና አላስተማረውም። ስለ አፋር የአየር ንብረት ግን ተምሯል። የያዘው እውቀት ነው ዓይኑን የከፈተለት። «ኢንተርኔት ካለ ልጅ ማስታወስ አያስፈልገውም፣ ሲፈልግ ያገኘዋል» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። እኔ በጭራሽ አልስማማም። በረሃ ምን እንደሚመስል ጭንቅላቱ ውስጥ የሌለ ልጅ ዛፉን አያየውም።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆርጫለሁ። ኢንተርኔት የሚጠይቅ የቤት ሥራ ለዚህ ዕድሜ አልሰጥም። ሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፌ ያየሁት ነገር ነው ያስቆረጠኝ። እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች። «ስለ ውሃ ዑደት ፕሮጀክት አምጡ ተብለዋል፣ እስቲ አውጣልኝ» ትላለች። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጎ በእንግሊዝኛ ያትምላታል። ትከፍላለች። ተማሪው ማታ ሥዕሉን ይቆርጥና ካርቶን ላይ ይለጥፋል። አላነበበም። ቢያነብም አይገባውም። ውጤቱ ግን 10 ከ10 ነው። ያቺ እናት ለፍታ ያገኘችውን ብር የከፈለችው ልጇ ምንም ላልተማረበት ነገር ነው። እጅግ ያሳዝነኛል።

ይህ ነገር የቆየ ቁስል ይነካብኛል። መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ መምህራን በቴሌግራም ትምህርት መላክ ጀመርን። አንዳንድ ወላጅ ስማርት ስልክ ነበረው፣ ተከታተለ። ጉሊት የምትቸረችር እናት ግን ያላት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ትምህርት ሲከፈት ልዩነቱ በግልጽ ይታይ ነበር። ፊደል የለየውና የረሳው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስለዚህ ኢንተርኔቱ ክፍል ውስጥ፣ በጋራ፣ በእኔ ስልክ ይሁን። እዚያ ሁሉም እኩል ያየዋል።

ወደ ቋንቋው ልመለስ። የአማርኛ ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች አሉት። እንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን አልፏል። አማርኛውም ቢሆን ብዙው አጭር ነው፣ ለልጅ ተብሎ የተጻፈም አይደለም። ፍለጋው ራሱ ያስቸግራል። ፀሐይን በአንዱ «ፀ» ስትጽፉ የሚመጣውና በሌላው ስትጽፉ የሚመጣው አንድ አይደለም። ልጅ ደግሞ እንደሰማው ነው የሚጽፈው። ለንባብ ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። የደቡብ አፍሪካው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» እና የህንዱ «ስቶሪዊቨር» በአማርኛ የተጻፉና የተተረጎሙ የልጆች ተረቶች በነፃ ያስቀምጣሉ። አውርዶ ማተምም ይቻላል። ትርጉሙ ሻከር የሚልበት ቦታ አለ፣ እኔ በእስክሪብቶ እያረምኩ ነው የማስነብበው። ለሳይንሱ ግን የራሴን እጽፋለሁ። ማታ ማታ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ገጽ። የሃይሊ ጉቢን ጽፌ ለሌሎች መምህራን በቴሌግራም ላክሁ። ሌላው ስለ አባይ፣ ሌላዋ ስለ ወባ ትንኝ ብትጽፍ በአንድ ዓመት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ይኖረናል።

በዚያው ሳምንት የአንዱ ተማሪ አባት በር ላይ አገኙኝ። የታክሲ ሹፌር ናቸው፣ ማታ ነው የሚገቡት። «ቲቸር፣ ይሄ ልጅ ስልክ ካልያዘ አይበላም። ጨርሼ ልከልክለው እንዴ?» አሉኝ። ከልጁ ጋር አብረው የሚቀመጡበት ሰዓት እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። «እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ» አሉ። «እንግዲያው እሑድ አብረውት ይዩ። አንድ ጥያቄ እሱ ይጠይቅ፣ እርስዎ ይፈልጉለት። በሌላው ቀን ምግብ ላይ ስልክ ባይኖር ጥሩ ነው» አልኳቸው። ዩቲዩብ ላይ ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚከፍተው ማብሪያ ማጥፊያ የት እንዳለ፣ ጉግል ላይ ደግሞ «ሴፍሰርች» የሚባለው ማጣሪያ እንዴት እንደሚበራ ቆመን አሳየኋቸው። ይህን ማንም ነግሯቸው አያውቅም ነበር። ከሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ጥቂት ደቂቃ ለዚህ ብቻ እንዲሰጠኝ ጠይቄአለሁ።

የግመሎቹ ጥያቄ እስከ ዓርብ መልስ አላገኘም። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፈለግሁ። ዜናው አመዱ የግጦሽ መሬት እንደሸፈነና አርብቶ አደሮች እንደተጨነቁ ይናገራል። ከዚያ አያልፍም። ለልጅቷ ደግሞ «ተጨነቁ» መልስ አይሆናትም። ኮሌጅ አብራኝ የተማረች ጓደኛ አለችኝ፣ አፋር ውስጥ ሎግያ ከተማ ታስተምራለች። ለሷ በቴሌግራም ድምፅ እንላክ ተባባልን። ልጅቷ ራሷ ተናገረች። ሦስቴ አስቀረጽኳት፣ ድምጿ ትንሽ ነው።

መልሱ ሰኞ መጣ። ጓደኛዬ ከብት የሚያረቡ የተማሪዎቿን ቤተሰቦች ጠይቃ ነው የመለሰችው። አመድ የነካው ሣር ለከብት አይሆንም፣ ጥርስ ይፈጃል፣ ሆድ ያሳምማል። ስለዚህ እንስሳቱ አመድ ወዳልደረሰበት ይነዳሉ፣ መንገዱ ግን ሩቅ ነው፣ ውሃም ያስቸግራል። ከበስተኋላ ልጆች ሲንሾካሾኩ ይሰማል። ክፍሉ ድምፁን ደግሞ ደጋግሞ አዳመጠ። ልጅቷ ደብተሯ ላይ ስትጽፍ አየኋት። ከዚያን ቀን ወዲህ እጇን ታወጣለች።

ከሎግያም ጥያቄ ተልኮልናል። «እናንተ ጋ ሲበርድ ውጭ እንዴት ትጫወታላችሁ?» ይላል። የእኔዎቹ መመለሻው ላይ ተጨቃጨቁ። ገሚሱ «አይበርደንም» እንበል ይላል። ገሚሱ ሐምሌ ላይ ስለሚወርደው በረዶ ካልነገርናቸው ይላል። የበረዶ ፎቶ በኢንተርኔት እንፈልግ ያሉም ነበሩ፤ አንዷ ግን «የራሳችንን ሰፈር ነው ማሳየት ያለብን» አለችና አሸነፈች። ከአንዷ እናት ስልክ ላይ ክረምት የተነሳ ፎቶ ተገኝቷል፣ ግቢው ነጭ ሆኖ። መልሱን ዓርብ እንቀዳለን። ማን እንደሚናገር ገና አልተስማሙም።