ከዴቪስ ካፕ ጀርባ ያለው የቤዝቦል ሰው

የአገሮች የቴኒስ ውድድር የሆነው ዴቪስ ካፕ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠራው ዋንጫውን ያበረከተውን ድዋይት ዴቪስን ነው። እኔ የምወደው ግን ከጀርባው ያለውን ጆርጅ ራይትን ነው። ሰውየው ስም ያወጣው በቤዝቦል ነው፣ ያውም እንዴት ያለ ስም!

እ.ኤ.አ. በ1869 ሲንሲናቲ ሬድ ስቶኪንግስ ተጫዋቾቹን በሙሉ በይፋ በደመወዝ ቀጠረ። እንዲህ ያደረገ የመጀመሪያው ቡድን ነው። ከሁሉም በላይ የሚከፈለው ጆርጅ ነበር፣ 1,400 ዶላር። ቡድኑን የሚመራው ታላቅ ወንድሙ ሃሪ እንኳ 1,200 ነበር የሚያገኘው። ያን ዓመት ማንም አላሸነፋቸውም።

ያኔ ጓንት የሚባል ነገር የለም፣ ኳስ የሚያዘው በባዶ እጅ ነው። ጆርጅ ደግሞ ተንኮለኛ ነበር። የተጋጣሚ ሯጮች ቤዝ (ሮጠው የሚደርሱበት ማረፊያ) ላይ እያሉ የተመታችው ኳስ ሽቅብ ከወጣች ሊይዛት እጁን ይዘረጋል፤ እነሱም ከአየር ላይ ከተያዘች ቤዙን የለቀቀ ከጨዋታ ሊወጣ ስለሚችል ትያዛለች ብለው ካሉበት ንቅንቅ አይሉም፤ መሬት ከወደቀች ግን መሮጥ ግድ ይሆንባቸዋል፤ እሱ ሆዬ ሆን ብሎ ይጥላትና ከመሬት አፈፍ አድርጎ ሳይደርሱ ወደ ቤዙ ይወረውራል፣ በአንዴ ሁለት ሰው ከጨዋታ ውጭ! ዛሬ ይህን የሚከለክል ሕግ አለ።

በኋላ ከሄንሪ ዲትሰን ጋር ሆኖ ቦስተን ውስጥ ራይት ኤንድ ዲትሰን የተባለ የስፖርት ዕቃ ድርጅት አቋቋመ። ቴኒስ ለአሜሪካ ገና አዲስ ነበር። ራኬት እንዲሸጥ ደግሞ መጀመሪያ ተጫዋች መኖር አለበት፣ ነጋዴ ይህ አይጠፋውም። በ1899 ዴቪስን፣ ሆልኮም ዋርድን፣ ማልኮም ዊትማንንና የገዛ ልጁን ቢልስን ይዞ ለውድድር እስከ ካሊፎርኒያ ሄደ። ዴቪስ የአገሮች ውድድር ሐሳብ የመጣለት ከዚህ ጉዞ ነው። በዓመቱ ቦስተን አጠገብ የመጀመሪያው ዴቪስ ካፕ ሲካሄድ እንግሊዞችን 3 ለ 0 የረቱት ዴቪስ፣ ዋርድና ዊትማን ናቸው። ከአራቱ ተጓዦች ሦስቱ ማለት ነው! ቢልስም አላሳፈረም፣ በ1904 ሴንት ሉዊስ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ፣ በ1905 የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ።

የሚያስቀኝ ነገር፣ ያኔ የቴኒስ ሰዎች ለገንዘብ መጫወትን እንደ ነውር ነበር የሚያዩት። አገር ለአገር ያዞራቸው ግን በቤዝቦል ደመወዝ ስሙ የገነነ ሰው ነው።

ጆርጅ በ1937 የቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ ገባ፣ ቢልስ በ1956 የቴኒሱ። አባትየውን የቴኒሱም ቢያስገባው ምን ነበረበት?