የልጄ እምብርትና የአንድ ብር ሳንቲም

የልጄ እትብት ደርቆ ሲወድቅ እምብርቱ ገፋ ብሎ ቀረ። ሲያለቅስ ግማሽ ሎሚ ያህላል፤ ሲተኛ ይጠፋል። በጣት ጫን ሲሉት ጉርርር ብሎ ይገባል። ለክትባት ስወስደው ያየችው ነርስ «የእምብርት ሄርኒያ ነው፤ አንጀቱ በእምብርቱ ቀዳዳ ገፋ ብሎ ነው፤ ቀዳዳው ሲያድግ ይዘጋል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የአብዛኞቹ ልጆች እስከ 4 ወይም 5 ዓመታቸው ድረስ በራሱ ይዘጋል። ክፉ ቀኑ ምን እንደሚመስል ግን አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

አማቴ የራሳቸው መድኃኒት ነበራቸው። የአንድ ብር ሳንቲም እምብርቱ ላይ አድርገው በነጠላ ቅዳጅ ጥፍር አድርገው አሰሩት። «አታስለቅሺው እንጂ አንቺ ልጅ፤ ለቅሶ ነው የሚያወጣው» ይሉኛል። ልጁ እህ ባለ ቁጥር አዝዬው ስዞር ከረምኩ። የኮምቦልቻን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ከጨርቁ ስር ቆዳው ይላላጥ ነበር።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ ማታ ለቅሶ ያዘ። ቡና ላይ ቆሎ በልቶ ስለነበር ሆዱን ነፍቶት ነው አልን። ጤና አዳም አሽተን አጠጣነው። አስመለሰው። ደግሞ አስመለሰው፤ የኋለኛው አረንጓዴ ነበር። ይሄ ሁሉ ሲሆን ጨርቁን ፈትቶ ያየ የለም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልብሱን ልቀይርለት ስል ፈታሁት። ሳንቲሙ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። በስልክ መብራት አየሁት፦ ቀልቷል፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፣ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። እንደ ወትሮው ልመልሰው ብዬ ስነካው የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

አይሱዙ የሚነዳ ጎረቤታችንን ቀሰቀስነው። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። የሐረጎን ዳገት ግን ሌሊት በጉም የወጣ ያውቃታል። በየኩርባው «ያረቢ» እላለሁ፤ እሱ «አብሽሪ» ይለኛል። ልጁ ዝም እንዲልልኝ ጡት ሰጠሁት።

ባልሰጠው ይሻል ነበር። ሐኪሙ ገና እንዳየው «መቼ ነው የጀመረው?» አለኝ። በጨርቅ የተሸፈነን ነገር መቼ እንደወጣ በምን ልወቅ? «መጨረሻ የወሰደውስ መቼ ነው?» አሁን በመኪና ውስጥ። ልጅ በሞላ ሆድ ለኦፕራሲዮን ማደንዘዣ ሲሰጠው ያስመለሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በአፍንጫው ቱቦ አስገብተው ሆዱን ባዶ አደረጉለት፤ ግሉኮስ ሰቀሉለት፤ ወዲያው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል።

ሲወጣ ሐኪሙ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሳለልኝ። አንጀቱ በእምብርቱ ቀዳዳ ወጥቶ እዚያው ታንቋል። ምግብም አያሳልፍም፤ ደምም በቅጡ አይደርሰውም። ሲያገኙት ጠቁሮ ነበር። በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ሲጠብቁ መልኩ ተመለሰ። ባይመለስ ቆርጠው ያወጡት ነበር። እኔ እዚች ላይ ነው እግሬ የከዳኝ፤ ሁሉም ካለፈ በኋላ።

እንዲህ መታነቁ ብዙ ልጅ ላይ የሚደርስ አይደለም አለኝ። ለቅሶም ቀዳዳውን አይፈጥረውም፤ የነበረውን ያሳብጠዋል እንጂ። ሳንቲምም አይዘጋውም። ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሰፋ ቀዳዳ ግን በራሱ የመዘጋት ዕድሉ ያነሰ ስለሆነ ሐኪም ቢከታተለው ጥሩ ነው። ጊዜ ተይዞለት ቢሠራ አጭር ኦፕራሲዮን ነው፤ ብዙ ጊዜ ልጁ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። እኛ ግን ቀናት ተኛን።

አማቴን አልወቀስኳቸውም። እኔስ ከጨርቁ ስር አላየሁ።

ባለፈው የጎረቤቴ ልጅ እምብርቷ ታስሮ አየሁ። ፈታሁላትና እናቷን «ጣትሽን አምጪ» አልኳት። ለስለስ ያለ ነበር፤ ጉርርር ብሎ ገባ። «ደህናው ይሄ ነው፤ ገላዋን ባጠብሻት ቁጥር ንኪው። ጠጥሮ አልገባም ካለ፣ ከቀላ ወይም ካስመለሳት፣ እንዳትታገዪው። ምንም ሳታቀምሻት ይዘሻት ሩጪ» አልኳት። አማቴ ከጓዳ ሰምተው ኖሮ «ጤና አዳምም ቢሆን!» ብለው ጨመሩ።