ጥላውን አስቀድሞ መሳል፦ ከቻንዲጋር እስከ ሰኞ ገበያ

ሰላም ጀማው! ከህንድ ከመጣሁ ወዲህ «ስዕልህን ምን ነካው፣ ጠቆረሳ» የምትሉኝ በዝታችኋል። ልክ ናችሁ፣ ጠቁሯል። ያጠቆረችው ቻንዲጋር የምትባል ከተማ ናት። ቅዳሜ እዚህ ደሴ ፒያሳ ስንገናኝ በቡና መሃል ተቆራርጦ ከሚቀር ብዬ ጻፍኩት። ስዕሎቹን ይዤ እመጣለሁ።

የሄድኩት የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ነው። እዚያ ትማራለች። ከዴልሂ ወደ ሰሜን በባቡር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሩ ሚያዝያ ስለነበር ገበሬው ስንዴ አጨዳ ላይ ነው። ሙቀቱም ገና መጀመሩ ነበር። በግንቦትና በሰኔ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ይህን ያዙልኝ፣ ነገሩ ሁሉ ከሙቀቱ ጋር የተያያዘ ነው።

ስለ ከተማዋ አመጣጥ በአጭሩ ላውራ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ፑንጃብ ለሁለት ተከፈለ። ዋና ከተማው ላሆር ወደ ፓኪስታን ሄደ። በህንድ በኩል የቀረው ፑንጃብ ዋና ከተማ አልባ ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኔህሩ አዲስ ከተማ ይሠራ አሉ። ፕላኑን መጀመሪያ የያዘው አሜሪካዊው አልበርት ማየር ነበር። አብሮት የሚሠራው ፖላንዳዊው ማቲው ኖቪትስኪ በ1950 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው ታዋቂው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬ የመጣው። ዘመዱ ፒየር ዣንሬ፣ እንዲሁም እንግሊዛውያኑ ባልና ሚስት ማክስዌል ፍራይና ጄን ድሩ አብረውት ሠርተዋል። «ከባዶ መሬት የተሠራች ከተማ» ይሏታል። ባዶ እንኳ አልነበረም። ገበሬ የሚኖርባቸው መንደሮች ነበሩ። እነሱን በኋላ አነሳቸዋለሁ።

ለሚስል ሰው የመጀመሪያው ቀን ያበሳጫል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ አደባባዩ አንዱ ከአንዱ አይለይም፣ ግራና ቀኝ ዛፍና የአጥር ግንብ ብቻ ነው። «ከተማው የታለ?» አልኳት የእህቴን ልጅ። «ውስጥ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከተማዋ ሴክተር በሚባሉ ሰፈሮች ነው የተከፋፈለችው። አንዱ ሴክተር 800 ሜትር በ1200 ሜትር ገደማ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ገበያው፣ ጤና ጣቢያው፣ ሜዳው እዚያው ውስጥ ነው። ቤቶቹ ለትልቁ መንገድ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ውስጥ ያያሉ። ሰፈሮቹ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ነው ያላቸው። በመጀመሪያው ፕላን 13 ቁጥር ተዘሏል። 13 ወር ያለን እኛ ብንሠራት ኖሮ አንዘልለውም ነበር።

ውስጥ ስገባ ነው ዓይኔ የተከፈተው። በየሴክተሩ መሃል አንድ የገበያ መንገድ ያልፋል። ሱቆቹ የተደረደሩት በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ ጥላው በሚያርፍበት በኩል። ሰው መንገድ እየተሻገረ እንዳይጋፋ፣ ፀሐይም እንዳይመታው ተብሎ ነው። ሱቆቹ ፊት የአርማታ በረንዳ አለ። ፀጉር ቆራጩ፣ ልብስ ተኳሹ፣ ሻይ ሻጩ ሁሉ ጥላው ውስጥ ነው ያለው። ከጥላው ጠርዝ አንድ እርምጃ አልፎ የቆመ ሰው አይታይም። የጥላው ጠርዝ የሰዉም ጠርዝ ሆኗል።

ቁጭ ብዬ ያንን መሳል ጀመርኩ። እስከዚያ ድረስ የኔ አሳሳል ታውቁታላችሁ፣ ከቤቱ ጠርዝ እጀምራለሁ፣ መስኮቱን፣ በሩን፣ ቆርቆሮውን እከተላለሁ፣ ጥላ ጊዜ ከተረፈኝ ነው። እዚያ ገለበጥኩት። ዓይኔን አጥብቤ አያለሁ። ዝርዝሩ ይጠፋና ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ለስላሳ እርሳስ በጎኑ አስተኝቼ ጨለማውን በሙሉ በአንድ ጊዜ እሞላለሁ፣ በረንዳው የቱ፣ ሰውየው የቱ ሳልል። ብርሃን ያረፈበትን ግድግዳ አልነካውም። ወረቀቱ ራሱ ግድግዳ ይሆናል። መስመር የማስገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ጥቂት። እመኑኝ፣ ከመስኮት የጀመርኩት ስዕል ግማሽ ቀን ሲፈጅብኝ ይሄኛው ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

ታላላቆቹ ሕንፃዎች ያሉት ሰሜኑ ጫፍ ላይ፣ ከተራሮቹ ግርጌ ነው። ፍርድ ቤቱ፣ የምክር ቤቱና የመሥሪያ ቤቶቹ ሕንፃ። በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ፓስፖርት አሳይቶ ተመዝግቦ ከአስጎብኚ ጋር ነው የሚገባው። ብቻህን ቁጭ ብለህ እንደልብህ መሳል የለም። ቡድኑ ሲንቀሳቀስ መንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ ትንሽ ደብተር ያዙ፣ ትልቁ አያዋጣም።

ፍርድ ቤቱ ጋ ስንደርስ ሳቄ መጣ። መግቢያው ላይ የቆሙት ሦስት ግዙፍ ምሰሶዎች ቀለማቸው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። የኛን ባንዲራ ማንም አላሰበውም፣ ግን አበሻ ሆኖ አለመሳቅ ከባድ ነው። ጣሪያው ሁለት ነው። ላይኛው ሰፊ ሆኖ ከታችኛው ጋር አይነካካም፣ በመሃላቸው ንፋስ ያልፋል። ፀሐይዋ ላይኛውን ትመታለች፣ ታች ያለው ሰው አይግለውም። ፊት ለፊቱ ደግሞ ከመስኮቶቹ ቀድሞ የሚወጣ የአርማታ ክፈፍ አለ። የማር እንጀራ ነው የሚመስለው። እያንዳንዱ ቀዳዳ የራሱ ጥላ አለው። ያንን በመስመር ልሳል ብትሉ ታብዳላችሁ። ጥላ ጥላውን ብቻ ነጠብ ነጠብ ሳደርግ ግን ሕንፃው ራሱ ብቅ አለ።

የመሥሪያ ቤቶቹ ሕንፃ 254 ሜትር ርዝመት አለው። እንደዚህ ዓይነት ነገር ሲሳል ትልቅነቱ ወረቀት ላይ ይጠፋል። መላው አንድ ነው፦ ግርጌው ላይ ሰው ማስቀመጥ። ጭንቅላትና ትከሻ ብቻ ያላት ጭረት ትበቃለች። ሌ ኮርቡዚዬም ሕንፃዎቹን የለካው በሰው ነው። 1 ሜትር ከ83 የሚረዝም፣ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ 2 ሜትር ከ26 የሚደርስ ሰው ይዞ ነበር የሚሠራው። እኔ በዚያ ልክ አልገባም፣ የሰፈራችን ሰውም ብዙው አይገባም። ግን ሐሳቡ ሸጋ ነው።

በሕንፃዎቹ መካከል ያለው አደባባይ ግን አልተዋጠልኝም። ሰፊ ነው፣ አርማታ ነው፣ ዛፍ የለውም። ለመስኮቱ እንዲያ የተጨነቀ ሰው እግረኛውን እንዴት ረሳው? ፀሐዩ ከላይም ከታችም ያጠብሳል። ከኛ ቡድን በቀር አንድም ሰው አልነበረም። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ፣ ይኸው ሰው በ1936፣ ጣልያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ፣ ለከተማዋ ፕላን ነድፎ ለሙሶሊኒ ልኮለት ነበር። ኮረብታውን፣ የነበረውን ሰፈር ሁሉ ከቁም ነገር ሳይቆጥር ቀጥ ያለ ጎዳና ያሰመረበት ንድፍ ነው። ሳይሠራ ቀረ። እሰይ!

ወደ አትክልቱ ልሂድ። የጽጌረዳው ፓርክ በ1967 የተተከለ ነው። ትልቅ ነው፣ ያምራል፣ ግን ዋናው የአበባ ወቅት የካቲት ስለሆነ አመለጠኝ። ሱክና የሚባለው ሐይቅ በ1958 ወንዝ ተገድቦ የተሠራ ነው። ማታ ማታ የከተማው ሰው ሁሉ እዚያ ዳር ይንሸራሸራል። ደስ ይላል፣ ከኛ ሐይቅ ጋር ግን አይወዳደርም፣ አላዳላሁም። እኔን የያዙኝ የመንገድ ዛፎቹ ናቸው። ራንድሃዋ የሚባሉ የዕፅዋት ሊቅና ባለሥልጣን ነበሩ የተከላውን ሥራ የመሩት። ዛፉ ለየመንገዱ ተመርጦ ነው የተተከለው። አንዱ ጎዳና ላይ ጃካራንዳ በረድፍ ቆሞ አስፋልቱ ሐምራዊ ሆኗል። ጥላው ግን እንደ ሕንፃ ጥላ ጥቁር አይደለም፣ የተበሳሳ ነው። እሱን ለመሳል እርሳሱን ማንሳትና መጣል፣ ማንሳትና መጣል ነው። እሱ ገና አልለመደልኝም።

አሁን መንደሮቹን ላንሳ። ኔክ ቻንድ የሚባል የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ነበር። የትውልድ መንደሩ ፓኪስታን ውስጥ ስለቀረ ተሰዶ የመጣ ሰው ነው። ለከተማው ግንባታ ከፈረሱት መንደሮች የወዳደቀውን ይለቅማል፦ የተሰበረ ሳህን፣ ሸክላ፣ የእጅ መታጠቢያ ስባሪ፣ የመብራት ሶኬት፣ የብርጭቆ አምባር። ከ1957 ጀምሮ ማንም ሳያውቅ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ በብስክሌት እያመላለሰ ሐይቁ አጠገብ ባለ ጥብቅ ደን ውስጥ ሐውልት ይሠራበት ገባ። ግንባታ የተከለከለበት ቦታ ነው። ባለሥልጣናቱ የደረሱበት በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ይፍረስ የሚልም ነበር። ሕዝቡ ወደደው፣ በ1976 ለጎብኚ ተከፈተ። ሰውየውም ደሞዝና ሠራተኛ ተሰጥቶት ሥራውን ቀጠለ። ያረፈው በ2015 ነው።

በሮቹ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። መተላለፊያው ይጠማዘዛል፣ ቀጥ ያለ ነገር የለም። አንድ ሜዳ ላይ ከተሰበረ የብርጭቆ አምባር የተሠሩ ሴቶች ተደርድረዋል። ቀርቤ አንዷን አየኋት። ቀሚሷ በሙሉ አምባር ነው፣ ስባሪው በረድፍ በረድፍ ሲሚንቶ ውስጥ ተሰክቷል፣ ቀዩ ከቀይ፣ አረንጓዴው ከአረንጓዴ። ፊቷ ላይ ዓይን የሆኑት ሁለት የሸክላ ፍንካቾች እኩል አይደሉም። ከሷ ፊት ረጅም ጊዜ ቆየሁ። እንዲያ በፕላን በተቆረጠች ከተማ ውስጥ ሰው እየተጋፋ የሚገባበት ይሄ ፕላን የሌለው ቦታ ነው። በስዕልም ቢሆን ከፍርድ ቤቱ ይልቅ የደከምኩት እዚህ ነው። ጥላው መልክ የለውም፣ በየጉድጓዱ ይገባል። ከደሴ ጋር የሚመሳሰለውም እሱ ነው።

ደሴ ስመለስ የተማርኩትን ልሞክር አልኩ። እዚህ አዲስ ነገር ገጠመኝ፣ እሱም ዳገቱ። ቻንዲጋር ሜዳ ናት። የመንገዱ ጠርዝም የጣሪያው መስመርም ርቀው ሄደው በዓይናችሁ ቁመት አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ደሴ ላይ እንደዚያ አይሠራም። ዳገት ወደ ላይ እያያችሁ ከሆነ የመንገዱ ጠርዞች የሚገናኙት ከዓይናችሁ መስመር በላይ ነው። ቁልቁል ስታዩ ደግሞ በታች ነው። የቤቶቹ ጣሪያ ግን ቤቱ ደልደል ብሎ ስለተሠራ ያው ዓይናችሁ መስመር ላይ ነው የሚገናኘው። ስለዚህ ሁለት ነጥብ ከላይና ከታች ያዙ፣ አንዱ ለመንገዱ፣ አንዱ ለቤቱ። የድጋፍ ግንቡ በሁለቱ መካከል እንደ ሽብልቅ እየሰፋ ይሄዳል። ከፒያሳ ወደ ላይ ያለውን መንገድ በዚህ ሞክሩት፣ «ስዕሌ ላይ መንገዱ ይንሸራተታል» የምትሉት ነገር ይቀራል።

ጥላውን ደግሞ ሰኞ ገበያ ሄጄ ሞከርኩ። ታውቃላችሁ፣ የኮሪደር ልማት በሚባልበት በዚህ ዘመን ወረቀት ይዞ ሰው ቤት ፊት መቆም ያስጠረጥራል። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከሱቃቸው ወጡ።

«ልጄ፣ ከማዘጋጃ ነህ?»

«አይ አባባ፣ እንዲሁ ነው የምስለው።»

«እንዲሁ ሰው ቤት ይሳላል?»

ደብተሩን ሰጠኋቸው። ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና «ወላሂ ሱቄን ጨለማ አደረግከው!» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ «ጠዋት መጥተህ ምን ልታይ ነው? ፀሐይ በኔ በኩል የምትመጣው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ያኔ ነው ሸራ የምዘረጋው። ከዚያ የጦሳ ተራራ ይጋርዳትና ሸራውን አጥፋለሁ» አሉ። አርክቴክቱ በሠንጠረዥ የሚያሰላውን እሳቸው በሸራ ያውቁታል። ከሰዓት ተመልሼ ሳልኩት። ሸራው ሲዘረጋ ጨርቁ፣ ጆንያው፣ ወንበራቸው ሁሉ አንድ ጥቁር ቅርጽ ውስጥ ገባ። ስዕሉን ሲያዩት «አሁን ሱቅ መሰለ» ብለው ሻይ አዘዙልኝ።

የቀረኝ ሰው መሳል ነው። ቆሞ የሚያወራ ሰው ይሆንልኛል፣ የሚራመድ ሰው ግን እንጨት ይሆንብኛል። ሰው ላይ የምትጎብዙ ልጆች ቅዳሜ አስተምሩኝ፣ እኔ ጥላውን አሳያችኋለሁ። የሚቀጥለው ጉዞ ኮምቦልቻ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሜዳ ነው፣ ይሞቃል፣ በረንዳውም ብዙ ነው። ከተስማማችሁ በጠዋት በሀረጎ ቁልቁለት እንውረድ። ከአምስት ሰዓት በኋላ ጥላው ቤቱ ግርጌ ይገባና የሚሳል ነገር አይተርፈንም።